ጣውንቷ ከደጃፍ ስትነሳ

በዚያ ሰፈር «ቀስ በል» ሲባል የማያውቀው የለም። እናት አባቱ ያወጡለት ሌላ ስም አለው፤ ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ ከኋላው የሚያጣድፈውን ሹፌር፣ ከፊቱ ዘሎ የሚያቋርጠውን እግረኛ፣ ሻይ ይዞለት የሚሮጠውን አስተናጋጅ ሳይቀር «ቀስ በል እንጂ፣ ማን አባረረህ?» ማለት ስለሚያበዛ ቃሉ ዞሮ እሱው ላይ ተለጠፈ። እሱም አልጠላውም።

ቀስ በል የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ዕድሜውን በሰው መኪና ሲለፋ ኖሮ በስተርጅና የራሱ ያደረጋት፣ ተሳቢዋን ስታስከትል ከአንዱ ግቢ አጥር እስከ ሌላው የምትደርስ መኪና አለችው። ከመንገድ ሲመለስ የሚያቆማት እቤቱ ደጃፍ ነው። እንደገዛት ሰሞን ራቅ ያለ ሜዳ ላይ አቁሟት አድሮ ጠዋት ሲመጣ ባትሪዋን ነቅለው፣ ደህና ደህናውን ጎማ ፈተው ባዶዋን አስቀምጠዋት አገኘ። ከዚያ ወዲህ «ከዓይኔ አትለይም» ብሎ ማለ፣ መሐላውንም አላጠፈም።

ሚስቱ መኪናዋን «ጣውንቴ» ነው የምትላት። ከመንገዱ ጥግ ስትታጠፍ ሞተሯ ሲያጓራ፣ ቀጥሎም ፍሬኗ «እፍፍፍ» ብሎ ሲተነፍስ፣ ሴትዮዋ ከያለችበት ትነሳና «መጣች ጣውንቴ! ሰውዬውንም ይዛው መጣች» እያለች የእግር ውሃ ታሞቃለች። ጠዋት ደግሞ ሰውዬው ፊቱን ሳይታጠብ ወጥቶ መኪናውን ዞሮ ዞሮ ያያል፣ ጎማዋን መታ መታ ያደርጋል። «እኔን እንዴት አደርሽ ሳይል እሷን ይዳብሳል» ትላለች ሚስት፣ እየሳቀች።

አንድ መኪና አንድ ነው። ሰፈሩም እሷን ችሎ ይኖር ነበር። ነገሩ የከፋው ሌሎቹ ሲከተሉ ነው። መጀመሪያ «ጥሩንባ» የሚሉት ወጣት ሹፌር፣ ያለ ጥሩንባ መንዳት የማይችል፣ ከመንገዱ መጨረሻ ቤት ተከራየና መኪናውን ከቀስ በል ኋላ ደረደረ። ቀጥሎ የአሸዋ ጫኝ መጣ። ቀጥሎ የሲሚንቶ። ጠባቡ መንገድ በሁለት ወገን በብረት ታጠረ፤ ሰው በመኪናና በአጥር መካከል ጎኑን አዙሮ እየተሹለከለከ ያልፍ ጀመር። ቀስ በል ይህን ሲያይ «እነዚህ ልጆች ሰፈሩን አበላሹት» ይላል እንጂ የራሱን አይቆጥራትም። የሱዋ የቤት ልጅ ናታ!

ታዲያ አንድ ቀን የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች መጥተው ከመንገዱ መግቢያ ላይ ምልክት ተከሉ። የጭነት መኪና ሥዕል፣ በላዩ ላይ ቀይ መስመር። ከመጪው ወር ጀምሮ ከባድ መኪና በመኖሪያ ሰፈር ውስጥ ማቆም ክልክል ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ነዋሪው ተሰብስቦ ሐሳቡን ይስጥ ተባለ።

ሹፌሮቹ ሻይ ቤት ተሰበሰቡ። ጥሩንባ ጠረጴዛውን እየደበደበ «አንተ ነህ የምትናገርልን» አለው ቀስ በልን። «ሰፈሩ ያከብርሃል። አንተ አፍህን ከከፈትክ ማን ይከራከርሃል?»

«ቀስ በል፣ ብርጭቆውን ትሰብረዋለህ» አለው ቀስ በል። ግን እሺ አለ። ሲያስበው ጎረቤት ከጎኑ ቢቆምለት ይጠቅመዋል፤ ለዚህ ደግሞ ከልብስ ሰፊዋ የሚቀርብ የለም። ቤቷ ከሱ ቤት አጠገብ ነው። የቀስ በል መኪና ስትቆም የሱን ደጃፍ የምትይዘው በፊቷ ብቻ ነበር፤ ተሳቢዋ የሚያርፈው ልብስ ሰፊዋ ደጅ ላይ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከመንገዱ ፊት ለፊት ያለችውን ክፍል የሥራ ቤት አድርጋ፣ እዚያው እየሰፋች ልጆቿን ታሳድጋለች። ሰላምታ በየቀኑ ይለዋወጣሉ፤ ቤቷ ገብቶ ግን አያውቅም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በሯን አንኳኳ።

«ጋሼ! ግባ፣ ግባ። ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» አለችና በገዛ አባባሏ ራሷ ሳቀች።

ቀስ በል ምን እንዳሳቃት የገባው ከተቀመጠ በኋላ ነው። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ቤቱ ውስጥ ግን አምፖል በርቷል። ከስፌት መኪናዋ በላይ በሽቦ ወደታች የተንጠለጠለ አምፖል፣ ጭንቅላቷን ሊነካ ትንሽ የቀረው።

«በዚህ ጠራራ መብራት ታበሪያለሽ?»

«የቱ ጠራራ?» አለችው፣ ያለ ቁጣ፣ እውነት እንደምትጠይቅ ሰው፣ ወደ መስኮቷ በአገጯ እያመለከተች። ቀስ በል ዞሮ አየ። በመስኮቱ ከላይ የተሳቢው ጎን፣ ከታች ሁለት ጎማ ይታያል። ሌላ ምንም የለም፤ ሰማይ እንኳ የለም። በቀን በቀን የሚዳብሳቸውን ጎማዎች ከዚህ ወገን አይቷቸው አያውቅም።

«እኔ እኮ ጋሼ፣ ወቅቱ መለዋወጡን የማውቀው በጎማህ ነው» አለች ክር እያስገባች። «ጭቃ ሲይዝ ዝናቡ ገባ እላለሁ፣ አቧራ ሲለብስ በጋ ነው እላለሁ።»

ቀስ በል ሳቀ። ሳቁ ግን መሐል መንገድ ላይ ቆመበት።

«ሌላው ልብስስ ግድ የለም፣ በአምፖልም ይሰፋል» ስትል ቀጠለች። «ያስቸገረኝ ጥቁር ነው። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር በመብራት አይታየኝም፤ መርፌው የት እንደሄደ ይጠፋኛል። አንተ ጭነት ይዘህ ስትወጣ ያን ጥቁሩን አጠራቅሜ እጨርሰዋለሁ።»

«እኔ ስወጣ?»

«አዎ። ሰው ልብሴ መቼ ይደርሳል ሲለኝ፣ ጎረቤቴ መንገድ ሲሄድ እላለሁ። ያበደች ይመስላቸዋል።»

«ታዲያ ምነው አትነግሪኝም ነበር እህቴ?»

«ምን ብዬ? በሰው እንጀራ ላይ ምን አፍ አለኝ?» የስፌት መኪናዋን በመዳፏ መታ መታ አደረገቻት። ልክ እሱ ጎማውን እንደሚያደርገው። «አንተም በመኪና ነው የምትኖረው፣ እኔም በመኪና ነው የምኖረው። ያንተ ትልቅ ሆነችና የኔን ጋረደቻት እንጂ።» ከዚያ ክሩን በጥርሷ በጥሳ «ለመሆኑ ምን ልታዘዝ?» አለችው።

ቀስ በል የመጣበትን ነገር ከአፉ ማውጣት አቃተው።

«ሱሪ... ሱሪ ላሰፋ ብዬ ነው።»

«ጨርቁስ?»

«ጨርቁ... ይመጣል። አንቺ ለጊዜው ልኬን ውሰጂ።»

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ወገቡን ዞረችው። «ትንፋሽህን ልቀቀው ጋሼ፤ አሁን ሆድህን ብትደብቀኝ በኋላ ሱሪው ያጋልጥሃል። ቀለሙ ምን ይሁን?»

«ጥቁር» አለ ሳያስበው። ወዲያው ምላሱን ነከሰ። እሷ ግን እየሳቀች «እንግዲያማ ቶሎ ጭነት ፈልግ» አለችው።

እቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ነገራት። «አምፖል አብርታ እኮ ነው የምትሰፋው! በቀን!»

ሚስቱ የምታጥበውን ሰሃን እንኳ አላስቀመጠችም። «ዛሬ ነው ያወቅኸው?»

«አንቺ ታውቂ ነበር? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እንጂ። ደጋግሜ ነገርኩህ። ቀስ በይ አልከኝ።»

ስብሰባው በትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። ወንበሮቹ ለሕጻናት የተሠሩ በመሆናቸው ሹፌሮቹ ጉልበታቸው ደረታቸው ድረስ ተሰቅሎ ነው የተቀመጡት። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ጥግ ይዛለች። ከማዘጋጃ ቤት የመጣው ኃላፊ ገና ጎልማሳ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው፤ ደንቡን አንብቦ «እስቲ ሐሳብ ያላችሁ» ሲል ጥሩንባ ቀስ በልን በክርኑ ጎሸመው።

ቀስ በል ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገ። የተዘጋጀበት ንግግር ነበረው፤ ስለ ሌባው፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ልፋቱ። ሁሉም ጠፋበት።

«እኔ መኪናዬን አነሳለሁ» አለ።

ሹፌሮቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ።

«መጀመሪያ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ መጀመሪያ የማነሳውም እኔ እሆናለሁ። ግን ልጄ፣» አለ ወደ ኃላፊው ዞሮ፣ «አትቁሙ ብላችሁ ምልክት ተክላችኋል። እሺ። የት እንቁም? መኪና እንደ ጃንጥላ ታጥፎ ከአልጋ ሥር አይገባ። አጥርና መብራት ያለው ቦታ አሳዩንና ከዚያ በኋላ አንድ መኪና እዚህ ብታገኙ ቅጡን።»

ኃላፊው አንገቱን ነቀነቀ። ከከተማው መውጫ ላይ የድሮ የእንጨት ማከማቻ ባዶውን እንዳለ፣ ቢሮ ውስጥም ለምን ይዋል እያሉ እንደሚነጋገሩበት ተናገረ። «አጥሩን እንጠግናለን፣ መብራትም አስገባለሁ። ጥበቃ ግን ቃል ከገባሁ መዋሸት ነው» አለ። ለጥበቃው ሹፌሮቹ ራሳቸው ሊያዋጡ ተስማሙ፤ አንዳንዱ በውዱ፣ አንዳንዱ በግዱ። ጥሩንባ ግን ከዚያች ትንሽ ወንበር ሲነሳ ወንበሯም አብራው ተነሳች፤ አላቅቆ ወርውሯት «ሸጥከን!» ብሎ ወጣ።

መኪናዋ የወጣች ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ቆመ። «ጣውንትሽ ተባረረችልሽ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!» አሏት ሚስቱን። እሷ ነጠላዋን አገጯ ላይ ይዛ የተሳቢውን ጀርባ በዓይኗ እየሸኘች «ምኑን? ጣውንት ስትወጣ ባል የሚቀርልኝ መስሎኝ ነበር፤ ይኸው ተከትሏት ሄደ» አለች።

ያን ሰሞን ቀስ በል እንቅልፍ አልነበረውም። ይነጋል አይነጋም ብሎ ወደ ማከማቻው ይገሰግሳል፤ ባትሪዋን ይነካል፣ ጎማዋን ይቆጥራል፣ ዘበኛውን «አደራ» ይላል። ዘበኛው አንድ ቀን ተማርሮ «ጋሼ፣ ለምን አንተ አትጠብቃትና እኔ ቤትህ ሄጄ አልተኛም?» አለው። ያኔ ትንሽ አፈረና መመላለሱን ቀነሰ።

አንድ አመሻሽ ላይ ደግሞ ከረጅም መንገድ ተመልሶ፣ መኪናዋን ማከማቻው አቁሞ፣ ቦርሳውን በትከሻው ጣል አድርጎ በእግሩ መጣና በሩን አንኳኳ።

«ማነው?» አለች ሚስቱ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«ባልሽ ነኛ!»

«ባሌ መንገድ ላይ ነው። ሂድ ከዚህ፣ ጎረቤት ሳልጠራብህ!»

ሴትዮዋ እውነቷን ነው። መኪናዋ ደጃፍ ማደር ከጀመረች ወዲህ ባሏ ከመንገድ ያለ ሞተር ድምፅ መጥቶ አያውቅም። ቀስ በል አሰበ፣ አሰበና አፉን በሩ ክፍተት ላይ አድርጎ «እፍፍፍፍ...» አለ። የፍሬኑን ትንፋሽ።

 ከውስጥ ሳቅ ፈነዳ፤ በሩ ሲከፈት ሚስቱ እንባዋን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ነበር። ራት ላይ ወጡን ጨለፈችለት። «ጆሮዬ ሥራ ፈታ እኮ» አለችው። «ቀኑን ሙሉ መንገዱን ሲያዳምጥ ይውልና ምንም የለም።»  ቀስ በል ይህን ያህል ስታዳምጠው እንደኖረች ለካ አያውቅም ነበር።

የሰፈሩ መንገድ ግን ሰፋ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን መስኮቱ ሥር አስጠጋቻት፤ ጥቁሩ ሱሪም በቀን ብርሃን ተሰፍቶ ደረሰ፣ እንደተባለውም ሆዱን አላጋለጠውም። ቀስ በልም በእግሩ መመላለስ ሲጀምር የገዛ ሰፈሩን አወቀው። ከጋቢና ላይ ጣሪያና አናት ብቻ ሲያይ የኖረው ሰው፣ አሁን ደጅ የሚጠርጉት ሽማግሌ የትምህርት ቤት ጓደኛው ወንድም መሆናቸውን ደረሰበት።

ጥሩንባ አኩርፎ ጥቂት ሳምንት በየሰፈሩ ሲያቆም ሲቀጣ ከረመ። ዝናብ ሲገባ አንድ ቀን ማከማቻው መጣ፤ ከመግቢያው ላይ ጭቃው ዋጠው። ጎማው በባዶው ሲሽከረከር ቀስ በል የራሱን መኪና አስነስቶ፣ ሽቦ አስሮ፣ ጎትቶ አወጣው። ሁለቱም እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ቆሙ።

«ሸጠኸን ነበር እኮ» አለ ጥሩንባ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ።

«ሸጬ ምን ገዛሁበት? ይኸው አብረን ጭቃ ውስጥ ነን።»

ጥሩንባ ሳይወድ ሳቀ። በሳምንቱ ሹፌሮቹ ተባብረው መግቢያውን ጠጠር አለበሱት፤ ጠጠሩን ያመጣው የአሸዋ ጫኙ ነው።

ዝናቡ እንዳባራ፣ አንድ ጠዋት ሚስቱ ነጠላዋን አጣፍታ «እኔም እመጣለሁ» አለችው። «የት?» «የት እንደምታስቀምጣት ልይ ብዬ ነው።» እየተጨቃጨቁ፣ እያረፉ ማከማቻው ደረሱ። ሚስቱ መኪናዋን ቀና ብላ አየቻት።

«ገብቼባት አላውቅም እኮ» አለች።

«ምን?»

«እውነቴን ነው። ሁልጊዜ ደጄ ላይ ስለነበረች ምን ይሁን ብዬ ነው የምገባባት?»

ቀስ በል በሩን ከፍቶ ከኋላዋ እየደገፈ፣ እሷም «አትግፋኝ፣ ሰው ያያል» እያለች፣ እንደምንም ጋቢናው ላይ ወጣች። ከመቀመጫው ኋላ ያለችውን የመኝታ ቦታ፣ የተንጠለጠለውን ፎጣ፣ ጆሮው የተሰበረ ስኒውን አንድ በአንድ አየች። ፎጣውን ከቤት ጠፋ ብላ ስትፈልገው የኖረችው ነው፤ አጣጥፋ እዚያው መልሳ ሰቀለችው።

«ዛሬ ወዴት ነው ጭነቱ?»

«ቅርብ ነው። አድሬ እመለሳለሁ።»

«እንግዲያ ንዳ» አለችና ወንበሩ ላይ ተደላደለች።

መንገዱን ሙሉ ጠየቀችው። ይህ ተራራ ማን ይባላል፣ እዚያ ቤት ማን ይኖራል፣ ይህን ድልድይ ስትሻገር አትፈራም ወይ? ለብቻው ዝም ብሎ መንዳት የለመደው ሰው ሲመልስ ሲመልስ ጉሮሮው ደረቀ። አቀበቱ ላይ ሲደርሱ ሜዳው በሙሉ ከሥራቸው ተዘረጋ፤ ያኔ ጥያቄዋን ትታ እጇን በመስኮቱ አውጥታ ንፋሱን ያዘችው።

በማግስቱ ሲመለሱ ከማከማቻው እስከ ቤታቸው ጎን ለጎን በእግራቸው ሄዱ። እሱ ቦርሳውን፣ እሷ ደግሞ ከጋቢናው ነቅላ ያወረደቻቸውን አቧራ የጠጡ መጋረጃዎች ለማጠብ በክንዷ ይዛ።