መንገድ ላልከፈለ ድንኳን የለም

እንጅባራ ውስጥ የሰፈር መንገድ እንዲህ ነው የሚሠራ። መጀመሪያ ሰፈርተኛው ድርሻውን ያዋጣል፤ ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን ጨምሮ ኮብል ድንጋይ ያነጥፋል። ሰፈሩ ካልሞላ ከተማውም አይጨምርም። የላይኛው መስመር ሞላና ተነጠፈለት። የእኛ መስመር በእኔና በጥቂት ቤቶች ምክንያት ጭቃ ውስጥ ቀረ።

ባሌ የአልጋ ቁራኛ ነው። ሳንባው ነው ይላሉ። የነበረን ሁሉ፣ ፈረሱም ሳይቀር፣ በሕክምና አልቋል። ከየት አምጥቼ ላዋጣ?

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እድሩ ተሰበሰበ። እድር ለቀብር እንጂ ለመንገድ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። የእድሩ ዳኛ ብድግ አለና፣ «ማዘጋጃ ቤት ማን እንዳልከፈለ አያውቅም፤ እኛ ግን እንተዋወቃለን» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ የመንገድ ድርሻውን ላልከፈለ ቤት ድንኳን አይወጣም። ጡሩምባም አይነፋም።»

ጡሩምባ ካልተነፋ ማን ሰምቶ ይመጣል? ባሌንስ ማን ይሸከመዋል? እኔና ልጄ?

አረቄ የምትሸጠው ጎረቤቴ ሳቀች። «እሷን ምን አስቸኮላት? ሰውዬው እንደሆነ ኮብሉ ካልተነጠፈልኝ አልሄድም ብሎ ነው የተኛው!»

«እውነቷን ነው፤ በጭቃ ሬሳ መሸከም ለእኛም ፍዳ ነው» አለ አንዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከቅዳሴ የመጣ ሰው ነው።

ተነሣሁ። «ጋሼ፣ በገንዘብ ባልችል ጉልበቴን ይያዙልኝ» አልሁት ዳኛውን።

«ደግ። እስካሁን በተዋጣው የተገዛው የኮብሉ አሸዋ አስፋልቱ ዳር ተራግፏል፤ መኪናው ወደ ውስጥ አይገባም። በጀርባሽ አመላልሺው። ክምሩ ሲያልቅ ከፈልሽ ማለት ነው።»

«ሁሉንም?»

«ኋላ ባልሽ የሚወጣበት መንገድ አይደለም እንዴ?»

ጀመርሁ። ልጄን አባቷ ዘንድ አስቀምጬ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸከምሁ። ወገቤን አልፈራሁም። የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ ክምሩ ግማሽ ላይ ሳለ ቢሞትስ? ግማሽ ድንኳን የለም።

አንድ ቀን ሲያካፋ፣ የነጠላዬ ጥለት በእርጥብ አሸዋ እንዳይበላሽ ብዬ አዘቅዝቄ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ለበስሁት። ለቤተ ክርስቲያንም ለሁሉም ያለኝ ያው አንድ ነው። እንዲህ የሚለብሰው ሰው የሞተበት መሆኑን ድካሙ አስረሳኝ። አረቄ ሻጯ አየችኝ። እኔ አሸዋውን ተሸክሜ እስክመለስ ደጄ ላይ ሰው ሞልቷል።

አንድም የሚያለቅስ የለም። ይከራከራሉ።

«ክምሩ እኮ አላለቀም።»

«ለሰው ዓይን ሲባል ድንኳኑን እናውጣው።»

«ዛሬ ለእሷ ካወጣን ነገ ማን ይከፍላል?» ይላል ዳኛው።

የባሌ አልጋ ከደጅ በኩል ካለው ግድግዳ ሥር ነው። ግድግዳው ጭቃ የተመረገ ቀርከሃ ነው፤ ሹክሹክታ እንኳ ያሳልፋል። ከውስጥ ሳል ተሰማ። ከዚያ፣ «አንተ ዳኛ! ገና ነኝ! አልሞትሁም!» አለ ባሌ።

አረቄ ሻጯ እጇን አጨበጨበች። «እሰይ! ተገላገልን!»

ዳኛው አላፈረም። ከረጢቴን አየና፣ «እንግዲያውስ ጊዜ አለሽ፤ ቶሎ ቶሎ በይ» ብሎኝ ሄደ።

ስገባ ባሌ ጣራ ጣራውን ያያል። ይቆጣኛል ስል፣ «ምን ያህል ቀረ?» አለኝ።

«ብዙ ነው።»

«አይዞሽ፣ እጠብቅሻለሁ። ሳትጨርሺ አልሄድም።»

አልበላም ብሎ የሰነበተ ሰው፣ ያን ዕለት አጥሚት አምጪ አለ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ «አለቀ?» ይለኛል። «አላለቀም» ስለው ይጠጣል።

ክምሩ አለቀ። ዳኛው እጄን ጨበጠና «አሁን ሙሉ አባል ነሽ፤ ድንኳኑ ያንቺ ነው» አለኝ፣ ልጄን የዳርሁ ይመስል። ለባሌ አልነገርሁትም። ልጄንም አፏን አስያዝኋት። ጧት ባዶ ከረጢት ይዤ እወጣለሁ፤ ገበያ ዳር እቀመጣለሁ፤ ቀሚሴን አቧራ አስነክቼ እመለሳለሁ።

«አለቀ?»

«ምኑ! ሌላ መኪና አራገፈ።»

አጥሚቱን ይጠጣል።

ሰፈሩ ሞላ ተባለና ማዘጋጃ ቤቱም ድርሻውን ጨመረ፤ ድንጋይ አንጣፊዎቹ መጡ። መዶሻቸው ቀኑን ሙሉ ይንኳኳል።

«ምንድን ነው እሱ?» አለኝ።

«የላይኛው መስመር ነው። የተነቀለውን እየጠገኑ ነው።»

ዛሬ ከሰዓት መዶሻው ከግድግዳችን ሥር ደረሰ። አልጋው ይንቀጠቀጣል። አጥሚቱን አቀረብሁለት። አየኝ፤ ልብሴን፣ እጄን አየ። «አለቀ?» አላለኝም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጠጣ እንጂ» አልሁት። «ጠጣ፣ አላለቀም እኮ።»