አሮጌውን የስልክ ማዞሪያ የነቀልን ዕለት

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ድሬዳዋ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ስልከኛ ሆኜ የገባሁ ቀን፣ ነባሯ ስልከኛ፣ የመጋላ ሰፈሯ እትዬ ፋጡማ፣ ወንበር ሳቡልኝና ማዞሪያው ላይ የተለጠፈውን የመስመሮች ዝርዝር በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። "ይሄን አትመኚው፤ ይዋሻል" አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። መስመር በተበላሸ ቁጥር ኤሌክትሪሺያኑ መጠገኑን ትቶ ሽቦውን ወደ ሌላ ቀዳዳ ያዞረዋል። "መጋዘን" የተባለው ክሊኒክ ነው፤ "ክሊኒክ" የተባለው ጥበቃ። እትዬ ፋጡማ በቃል አስጠኑኝ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ሠላሳ ስምንቱን መስመር የማውቀው እኔ ብቻ ቀረሁ። አልጻፍኩትም። ቁጭ ብሎ መጻፍ አይሆንልኝም፤ ደግሞም ያለ እኔ አለመሥራቱ ደስ ይለኝ ነበር።

በአራተኛው ዓመት አዲስ ማዞሪያ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ጠርተውኝ፣ ፋብሪካው ዝግ በሚሆንበት እሑድ እንደሚዛወር፣ ሰኞ አንድ መስመር ቢጠፋ ግን ወደ ፈትል ክፍል እንደምሄድ ነገሩኝ። እናቴን ዕድሜ ልኳን ሲያስላት የኖረው የፈትል ክፍል ብናኝ ነው።

እሑድ ጠዋት ቴክኒሻኑ ጓድ ግርማ ዝርዝሩን ጠየቀኝ። ሽቦውን በነበረበት ተራ የሚያዛውረው መስሎኝ የተለጠፈውን ገንጥዬ ሰጠሁት። እሱ ግን የወረቀቱን ስም እያየ በአዲስ ተራ ደረደረው። ስድስት ሰዓት ላይ ክሊኒክ ብለን ደወልን። ከበር ላይ ዘበኛው አብዲ አነሳ።

አሮጌው ማዞሪያ ተነቅሎ ወለል ላይ ተጋድሟል። ወረቀቱ የተሳሳተ እንደሆነ፣ ትክክለኛው በእኔ ጭንቅላት ብቻ እንዳለ ለጓድ ግርማ ነገርኩት።

"ታመሽ ብትቀሪስ ኖሮ?"

"አልታመምም።"

"እንግዲያው ጤነኛዋ፣ አንድ በአንድ ተናገሪ፤ እኔ እጽፋለሁ።"

እኔ ስናገር እሱ ሽቦ እየቀየረ፣ አብዲ ቁልፉን ይዞ ከክፍል ክፍል እየሮጠ ስልክ ያነሳል። በኦሮምኛ ይጀምርና በሶማሊኛ ተራግሞ በአማርኛ የት እንዳለ ይነግረኛል። "ወላሂ አባዮ፣ እህቴ፣ እግሬን ጨረስሽው" አለኝ በሃያኛው መስመር ላይ።

አሥር ሰዓት ሲሆን የመጨረሻውን ደወልኩ። ተረኛዋ ነርስ አንስታ "ክሊኒክ" አለች። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንዳልቀመስኩ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ሦስት ቦታ አገናኚኝ ብለው አገናኘኋቸው። በመጨረሻ "ለመሆኑ ማዞሪያው ትናንት ሳይዛወር ቀረ እንዴ?" አሉኝ።

"ተዛውሯል፣ ጓድ" አልኳቸው።

ለአዲስ ስልከኛ ሁሉ የምለው አንድ ነው፤ መስመር ሲቀየር በዚያው ቀን ይጻፍ። ብቻዬን ማወቄ ሥራዬን የሚጠብቅልኝ መስሎኝ ነበር፤ ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረውም።