ሎሳሊኔና የፊተኛው ምንጣፍ

በእኛ ደሴት በሊፉካ ሎሳሊኔን ያላማከረ ሰርግ መተረቻ ሆኖ ይቀራል። አንድ ጊዜ የታችኛው መንደር ሰዎች ለመቀመጫ ነገር ምን ሊቅ ያስፈልጋል ብለው ያለ እሷ ደገሱ። የሙሽራዋን እናት ወንድሞች ከአባቷ እህቶች ፊት አስቀመጧቸው። አክስቶቹም ይዘው የመጡትን ጥብስ አሳማ ተሸክመው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፣ ሙሽሮቹም በጎደሬ ብቻ ተዳሩ። ከዚያ ወዲህ ልጁን የሚድር ሁሉ መጀመሪያ የሎሳሊኔን በር ያንኳኳል፤ ፓስተሩ ቤት የሚሄደው ቀጥሎ ነው።

አሠራሯ የራሷ ነው። ከየሱቁ ደጃፍ የለቀመችው አንድ ጣሳ ሙሉ ቆርኪ አላት። ወለሉ ላይ ዘርግፋ አዳራሹን ትሠራለች። ነጩ ቆርኪ ፓስተሩ ነው፣ አረንጓዴዎቹ የአባት ወገን፣ ቀዮቹ የእናት ወገን። አንዷ ወርቃማ ቆርኪ ፋሁዋ ናት፣ የሙሽራው አባት ታላቅ እህት። ፋሁ ከሁሉ ፊት ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ስጦታው በሙሉ እፊቷ ይነጠፋል፣ የኬኩም አናት የእሷ ነው። እናት ደግሞ ከኋላ በማድቤቱ በር በኩል ናት፤ በልጇ ሰርግ ዝቅ ብላ ታበላለች። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፣ የከፋው ይከፋው።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ። ምንጣፍ እዘረጋላታለሁ፣ ወንበር እሸከምላታለሁ፣ ስድቧንም እችላለሁ።

ሎሳሊኔ አላገባችም። ወንድሟ ፋንጉፖ ሚስቱ ስትሞትበት የሁለት ዓመት ልጁን ታንዬላን አምጥቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠና ወደ ዓሣው ተመለሰ። አጥባ አብልታ፣ ትኩሳት ሲይዘው አብራው እያደረች አሳደገችው። ልጁ አፉን ሲፈታ «እማዬ» ቢላት ተቆጣች። አክስቴ በል አለችው። ምን ክፋት አለው ብላት ሳቀችብኝ።

«እናትማ ማንም ትሆናለች፤ ቦታዋ ማድቤት በር ነው። የአባት እህት ግን ምንጣፍ ላይ ናት» አለችኝ።

ልጁም እንደታዘዘው አክስቴ እያለ አደገ።

ችግሩ ሎሳሊኔ ታናሽ እህት መሆኗ ነው። ታላቋ ሌሲዬሊ ኦክላንድ ከገባች ሃያ ሁለት ዓመቷ። እሷ በሌለችበት፣ ልጁ ሲመረቅም ሆነ በአያቱ ቀብር፣ ሎሳሊኔ ወርቃማዋን ቆርኪ ለራሷ ስታስቀምጥ ማንም አልከለከላትም። ሰው ብዙ የተቀመጠበትን ቦታ የራሱ ርስት ይመስለዋል።

ታንዬላ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላው የፓንጋይ ከተማ ልጅ አጨ። ወዲያው ከኦክላንድ ስልክ ተደወለ፤ ሌሲዬሊ ለሰርጉ ትመጣለች። ሎሳሊኔ ይህን የሰማች ዕለት የቀቀለችውን ቦዬ ለአሳማ ደፋችው። ቅናት አጥንት ያነቅዛል ይላል መጽሐፉ፤ የእሷ ግን አጥንት ላይ አልቆመም፣ ምላሷም ላይ ወጣ። ሌሲዬሊ የላከችውን ቀሚስ የድመት ምንጣፍ አደረገችው። እህቷ ወፍራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም ስላት ትወፍራለች፣ ምን ሥራ አላት፣ እኔ ስቃጠል እሷ ስትበላ ኖረች አለች። አንድ ቀን ደግሞ ከመሬት ተነሥታ፣ ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው ሌሲዬሊ የላከችለትን ቀይ ጫማ አስታውሳ ረገመች። ጫማው እኮ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው።

ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቆርኪዎቹ ተዘረጉ። ሎሳሊኔ አንዲት አረንጓዴ ቆርኪ አንሥታ በክብሪት ሳጥን ላይ፣ ከፓስተሩ አጠገብ አስቀመጠቻት። ሳጥኑ ወንበር መሆኑ ነው።

«እትዬ ሌሲዬሊ ጉልበቷን ታማለች አሉ። ፈረንጅ አገር ወንበር ለምዳ መሬት ብናስቀምጣት ነውር ነው። ከፓስተሩ እኩል ትከበር» አለች በተለሳለሰ ድምፅ። ወርቃማዋን ግን ምንጣፉ ላይ አደረገቻት። እዚያ ማን እንደሚቀመጥ አልተናገረችም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ወንበር ላይ የተቀመጠች ፋሁ እንግዳ ናት፣ ስጦታ እፊቷ አይነጠፍም። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ፋንጉፖም ያውቃል፤ ነገር ግን እኛ ዘንድ ወንድም ለእህቱ ቀና ብሎ አይመልስምና ጣራውን ሲያይ ቆየ። ታንዬላ ክብሪቱን አየ፣ አክስቱንም አየ።

በማግስቱ መርከቡ መጣ። ሌሲዬሊ ሁለት ሻንጣ በሁለት እጇ አንጠልጥላ፣ እንደ አገራችን ወግ የክብር ምንጣፏን ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ መሰላሉን እንደ ኮረዳ ወረደችው። እህቷን አቅፋ አለቀሰች። ቤት ስንገባ ወንበር ብናቀርብላት እምቢ ብላ ወለሉ ላይ ዘርፈጥ አለች። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ሳልኩ። ሎሳሊኔ ፊቷ ቲማቲም ሆነ።

ሌሲዬሊ ወለሉ ላይ የቀሩትን ቆርኪዎች አይታ ክብሪቱ ላይ የወጣችው ማን እንደሆነች ጠየቀች። ያን ጊዜ ታንዬላ ተንበርክኮ ሄደና ያቺን ቆርኪ ከሳጥኑ አነሣት፣ ከቀሩት አረንጓዴዎች ጋርም ቀላቀላት። ወርቃማዋን አንሥቶ ለሌሲዬሊ አሳየና ምንጣፉ ላይ መለሳት።

«ይቺ እርስዎ ነዎት» አላት።

ከዚያ ከጣሳው ውስጥ አንዲት ቀይ ቆርኪ ፈልጎ አወጣ፤ ከኋላ፣ በማድቤቱ በር በኩል አስቀመጣት።

ሎሳሊኔ ገባት። «ሃያ አራት ዓመት አሳድጌህ ማድቤት በር?» አለች። «ለእሷ ምንጣፍ፣ ለእኔ ድስት?»

«እዚያ የማስቀምጠው ሌላ ሰው የለኝም» አላት። «ባዶውን ትቼው ላግባ?»

ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትፈልግ በባዶ እግሯ ወጣች። ተከትያት ባሕሩ ዳር ደረስኩ። ልጁ ክፉ እንዳላሰበ ልነግራት ስል አፌን ዘጋችው።

«ቀናሁ፣ እሺ? ቀናሁ። ፊቷን ሳይ ያመኛል። እኔ የልጁን ልብስ ሳጥብ እሷ ሲኒማ ትገባ ነበር። አሁን መጥታ ኬኬን ትበላለች» አለችኝ።

ኬኬን ነው ያለችው። ኬኩ የታላቅ እህት እንደሆነ ለሌላ ሰው ስታስተምር የኖረችው ራሷ ናት። ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ተውኳት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ሌሲዬሊ ከፊት ተቀመጠች። ከዛፍ ልጥ ተቀጥቅጦ የተሠራው የስጦታ ጨርቅና ምርጥ ምርጥ ምንጣፎቹ እየተነባበሩ ጉልበቷ ደረሱ። ከኋላ ያለችው ቦታ ባዶ ነበረች፣ ሰዉም እየዞረ ያያታል። ጸሎቱ ሲያልቅ የማድቤቱ በር ተከፈተ፤ ሎሳሊኔ አሮጌ ቀሚሷን ለብሳ፣ ውሃ በጆግ ይዛ ገባች። ለማገልገል ነው የመጣሁት እንጂ ለመቀመጥ አይደለም የሚል ፊት ነበራት። ቢሆንም ተቀመጠች። ዓይኗ ግን ምንጣፉን ይቆጥር ነበር። የኬኩ አናት ተነሥቶ ለእህቷ ሲሰጥ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ምግቡ እንደተጀመረ ሙሽራው ከሙሽሮቹ መድረክ ላይ ሆኖ ከሩቅ ተጣራ። ሕዝብ የሞላበትን አዳራሽ ረስቶ፣ ቤቱ ያለ ይመስል፣

«እማዬ፣ እባክሽ ውሃ» አላት።

ሎሳሊኔ አልተቆጣችም። ጆጓን አንሥታ በሰዉ መሀል ጎንበስ ብላ አለፈች፤ በሌሲዬሊ ፊት ስታልፍ ዝቅ አለች፣ እንደ ወጉ። ብርጭቆውን ሞላችለት፣ ክራቫቱንም አቃናችለት። ስትመለስ የእጇን ጀርባ ዓይኗ ላይ እያሸች ነበር።

ሰዉ ሲበተን ሌሲዬሊ የኬኩን አናት በሳህን ይዛ ወደ ማድቤቱ መጣች። ዓይኗ ደም መስሏል። ልጅ እንደሌላት ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። እህቷ አጠገብ ቆመችና ሳህኑን በሎሳሊኔ ጉልበት ላይ አስቀመጠች።

«ምንጣፉንም ውሰጂው፣ ይሄንንም ውሰጂ» አለቻት። «የሚቀጥለው ሰርግ ላይ ቦታ እንለዋወጥ።»

ሎሳሊኔ ኬኩን አየችው። በጣቷ ከክሬሙ ቆንጥራ ላሰች። ከዚያ ሳህኑን መልሳ እህቷ እጅ ላይ አደረገችው።

«እኔ ቦታዬን ይዣለሁ፣ እትዬ» አለቻት።