ልጅቷ የት ትደር?

በሰፈሩ ሁሉም ሰው ብሩሽ ይለዋል። ቀለም ቀቢ ነው፤ ቅጥነቱና ወደ ላይ የቆመው ፀጉሩም ስሙን አግዘውለታል። የእኔና የእሱን ክፍል የሚለየን አንድ ግድግዳ ስለሆነ፣ የምጽፈውን ግማሹን አይቻለሁ፣ ግማሹን በግድግዳው በኩል ሰምቻለሁ። የተሳሳትኩት ካለ እሱ ያርመኝ።

ከሴት ልጁ እናት ጋር ከተለያዩ ቆይተዋል። እሷ ፀጉር ሠሪ ናት። ልጅቷን አባቷ ጠብታ ነው የሚላት። ሲለያዩ በተስማሙት መሠረት ጠብታ ሳምንቱን እናቷ ጋር፣ ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሑድ ማታ አባቷ ጋር እየሆነች፣ ጠብ የሚባል ነገር ሳይሰማ ኖሩ።

ከዚያ ጠብታ ማሳል ጀመረች።

እናትየው አንድ እሑድ ማታ ልትወስዳት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። "ካንተ ስትመለስ ነው የሚብስባት። ልብስህ፣ ቤትህ፣ ሁሉ ነገርህ ቀለም ቀለም ይላል።"

"ያንቺ የፀጉር ኬሚካልስ ሽቶ ነው?" አላት።

ይቺ ቃል ናት ነገሩን ያከረረችው። ብዙም ሳይቆይ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ። እናትየው የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷ አባቷ ቤት ማደሯ እንዲቀር።

ብሩሽ መጥሪያውን እንደያዘ በሬን አንኳኳ። "ጋሼ፣ ሊወስዱብኝ ነው።"

"ማን ነው የሚወስድብህ?"

"ሕጉ ነዋ! ሕግ ለእናት ያደላል ይላሉ።"

"ተው ባክህ። ዳኛ የሚያየው ለልጅቷ የሚበጃትን ነው" አልኩት። አውቄ አይደለም፤ ሌላ የምለው ቢጠፋኝ ነው።

ይህ ሰው ፎቅ ላይ በአንድ እጁ የመስኮት ፍሬም ይዞ በሌላው ሲቀባ ያፏጫል። አሁን የሻይ ብርጭቆ ከእጁ ይወድቅ ጀመር። ጠብታ በምታድርባቸው ሌሊቶች ባሳለች ቁጥር አልጋው ሲንቋቋ እሰማለሁ። ይነሣል፤ አጠገቧ ይቆማል መሰለኝ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም አይሰማም።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ፍርድ ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቤቱን እንድታይ አዘዘ። ልጅቷ ባለችበት ቅዳሜ ትመጣለች ተባለ።

ዐርብ ከሥራ ስገባ ግድግዳው ሲፋቅ ሰማሁ። ሄጄ ባየው ብሩሽ በብርጭቆ ወረቀት ከልጅቷ አልጋ አጠገብ ያለውን ግድግዳ ይፈገፍጋል። ያ ግድግዳ ከታች እስከ ወገብ ድረስ የጠብታ ነበር። እግር ያላቸው ዓሣዎች፣ ከቤት የሚበልጥ ዶሮ፣ ፀጉሩ የቆመ አባት በከለር ሥላበት ነበር።

"ምን እያደረግህ ነው?"

"ሰው ሊያይ ይመጣል እኮ ጋሼ! ቀለም ቀቢ ሆኜ ግድግዳዬ እንዲህ ተዝረክርኮ ይታይ? 'ልጁን አይቆጣጠርም' ቢሉስ?"

አጠገቡ የዘይት ቀለም ጣሳ ተከፍቷል። "እስከ ነገ ይደርቃል?" አልኩት።

"ሥራዬን ሊያስተምሩኝ ነው?" ብሎ ሳቀ። ጣሳውን ማማሰል ጀመረ።

የሰው ቤት ሲቀባ "ልጅ ካለ ሽታው እስኪወጣ ሌላ ቦታ ይደር" ብሎ ሳያስጠነቅቅ የማይሄድ ሰው ነው። የገዛ ልጁ ሲሆን ፍርሃት አስረሳው። እኔም ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ ባለሙያዋ መጣች፤ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ጎልማሳ ሴት ናት። ያኔውኑ ከእናቷ ቤት የደረሰችው ጠብታ ቀድማት ሮጣ ገባች።

"አባዬ! ዓሣዎቼስ?"

ከዚያ አሳላት። ማሳሉ አላቆም አለ። ፊቷ ቀላ፤ በእጆቿ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች። ብሩሽ መስኮቱን በርግዶ በፎጣ ያራግብ ጀመር። ባለሙያዋ ልጅቷን አቅፋ ግቢ አወጣቻት። እኔ ውኃ አመጣሁ። ልጅቷ ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ።

"ክፍሉ መቼ ተቀባ?" ስትል ባለሙያዋ ብሩሽን ጠየቀችው።

"ትናንት… እርስዎ ስለሚመጡ።"

ሴትዮዋ በተከፈተው መስኮት ወደ ባዶው ግድግዳ ተመለከተች። "እኔ እኮ ልጅቷ የምትኖርበትን ለማየት ነበር የመጣሁት" አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

የውሳኔው ቀን አብሬው ሄድኩ። ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነን፣ "ጋሼ፣ እስቲ ያሽቱኝ" አለኝ።

"ሳሙና ሳሙና ትላለህ።"

"እውነትዎን ነው?"

"ሙሽራ መስለሃል አልኩህ!"

አልሳቀም። ስማቸው ሲጠራ እሱና እናትየው ብቻ ገቡ፤ የቤተሰብ ጉዳይ በዝግ ነው የሚታየው። በሩ ሲዘጋ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ።

ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። "ምን ተወሰነ?" አልኩት።

"አልሰማሁም።"

"እንዴት አልሰማህም?"

"ዳኛዋ ሲያነቡ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የታየኝ። 'ገብቶሃል?' ሲሉኝ 'አዎ' አልኳቸው።"

ወደ ውስጥ ገብቼ ልጠይቅ ብል፣ ዘበኛው ሌሎች ባለጉዳዮችን አስገብቶ በሩን ዘግቶታል። የሚነግረን አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እናትየው ግድግዳውን ተደግፋ የቦርሳዋን ዚፕ ለመዝጋት ትታገላለች።

ብሩሽ ፊቷ ሄዶ ቆመ። "ወሰድሻት?"

ቀና ብላ አየችው። "እዚያው ቆመህ አልነበር እንዴ?"

"አልሰማሁም። በናትሽ ንገሪኝ።"

ያን ጊዜ የፈለገችውን ብትነግረው ያምናት ነበር። እሷም የገባት ይመስለኛል። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

"በትምህርቷና በሕክምናዋ ሁለታችንም ነን የምንወስነው፤ አንዳችን ብቻችንን አንወስንም። ቅዳሜና እሑድ ቀን ቀን ትወስዳታለህ፤ ማታ ትመልሳታለህ። ሐኪም ደረቷን አይቶ፣ ያቺ ሴትዮም ቤቱን ደግማ አይታ ይሁን ካሉ፣ ማደሩ ይመለሳል።"

"ይመለሳል አሉ?"

"ካሉ ነው ያልኩህ።"

"ለዘለዓለም አይደለም ግን?"

"አይደለም አልኩህ እኮ!" ድምፅዋ ተሰነጠቀ። "እኔስ የማልፈራ መስሎህ ነው? 'ሥራ ላይ እያመሸሽ ልጅቷ ከማን ጋር ትሆናለች?' ሲሉኝ ምላሴ ተሳሰረ። ላንተ የሚሰጡብኝ መስሎኝ ነበር።"

ብሩሽ ራቅ ብሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ማክሰኞ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ" አለች። "ና።"

"እኔም ልምጣ?"

"ሁለታችሁም ተብሏል እኮ።"

"ክፉ ነገር ቢነግሩንስ?" አለ።

እናትየው ዚፑን ትታ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቀፈች። "እንግዲህ ያን ቀን አንተ በደንብ ስማ" አለችው። "እኔ አልሰማ ይሆናል።"