ፍሬንና የካርቶን መቁረጫው

ፋብሪካው በር ላይ «ከሁሉም በፊት ደህንነት!» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል። የተንጠለጠለው በአንድ ሚስማር ነው፤ ሁለተኛው ከወለቀ ቆይቷል። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ደህንነት እየተወዛወዘ ይንቋቋል፤ ሠራተኛውም አንገቱን ቀልበስ አድርጎ ከሥሩ ያልፋል። ክቡር ሥራ አስኪያጁ የሚገቡት በመኪና ስለሆነ ጉዳዩ አይመለከታቸውም።

ስለዚያ ሚስማር የሚጨቀጭቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የማሽኖችን አደጋ የሚመረምር ነው፤ ሠራተኛው «ፍሬን» ይለዋል። ሥራው እያንዳንዱን ማሽን ዞሮ ማየት ነው፦ ይሄ ምን ይቆርጣል? ያኛው ምን ያቃጥላል? የሰው እጅ እስከ የት ይገባል፣ ከገባስ ምን ያህሉ ተርፎ ይወጣል? ከዚያ አደጋውን ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ ብሎ ይመድባል። «ከፍተኛ» ካለ ማሽኑ ይቆማል። ማሽን የሚያቆም ሰው ፋብሪካ ውስጥ የሚወደደው፣ ድግስ ላይ ሙዚቃ የሚያጠፋ ሰው የሚወደደውን ያህል ነው።

ድሮ መካኒክ ነበር። የሥራ ጓደኛው እጅጌ በሚሽከረከር ቀበቶ ተይዞ፣ እጅጌው ክንዱን ይዞ ሲሄድ በዓይኑ አየ። ያ ጓደኛው ዛሬ ሰላም የሚለው በግራ እጁ ነው። ፍሬን ከዚያ ቀን ወዲህ ፈሪ ሆነ። ሌላው ሰው ፍርሃቱን ይደብቃል፤ እሱ ኮርስ ወስዶ መተዳደሪያው አደረገው። ቤቱም ገብቶ አያርፍም። የጋዝ ሲሊንደሩን ያሸታል፣ የሶኬቱን ሽቦ ይጎረጉራል፣ ልጆቹ አልጋ ላይ ሲዘሉ ከግድግዳው ያላቸውን ርቀት በክንዱ ይለካል።

«አንተ ሰውዬ» ትለዋለች ሚስቱ፣ «ሳገባህ ምነው ማስጠንቀቂያ ሳይለጥፉብህ ቀሩ?»

አንድ ነገር ግን ልቡን ያሞቀው ነበር። ጠዋት ወደ ማሽን አዳራሹ ሲገባ ዘበኛው ጉሮሮውን ከፍቶ «እንደምን አደሩ ጋሼ!» ይለዋል። ጠራጊዋ ትቀበልና «ጋሼ እንደምን አደሩ!» ትላለች፤ ከእሷ ፎርክሊፍት ነጂው ይቀበላል፣ ከእሱ ደግሞ ካርቶን የሚቆርጡት ሴቶች። ሰላምታው አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል። ሥራ አስኪያጁ እንኳ እንዲህ ሰላም ተብለው አያውቁም። «ፊት ለፊት ይሰድቡኛል እንጂ» ይላታል ሚስቱን፣ «ውስጥ ውስጡን ይወዱኛል።»

ካርቶን ከሚቆርጡት አንዷ የሚስቱ ታናሽ እህት ናት። መቁረጫው ከላይ የሚወርድ ስለት ያለው አሮጌ ፕሬስ ነው። ካርቶኑ ከሥሩ ይገባል፤ ከዚያ ግራና ቀኝ የተራራቁ ሁለት ቁልፎች በሁለት እጅ ሲጫኑ ስለቱ ዱብ ይላል። ሁለቱም እጆች ቁልፍ ላይ ከሆኑ፣ ስለቱ ሥር የሚቀር እጅ የለም። ፍሬን በሄደ ቁጥር ቁልፎቹ ይሠራሉ፣ ሴቶቹም እንደ ጨዋ ተማሪ በሁለት እጃቸው ይጫናሉ። እሱም «ዝቅተኛ» ብሎ ያልፋል።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ልጆቹ አክስታቸውን «ሥራሽን አሳዪን» ብለው ወጠሯት። ትራስ እንደ ካርቶን ይዛ ጀመረች። ቀኝ እጇ ትራሱን ያስገባል፣ ያስተካክላል፣ ያወጣል፤ ግራ እጇ ጠረጴዛውን ይመታል። ታክ! ታክ! ታክ! ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። ፍሬን የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ።

«ቀኝ እጅሽስ?»

«ቀኝ እጄ ምን ሆነ?»

«ቁልፉን ለምን አልተጫነም?»

«ጋሼ ደግሞ! ጨዋታ እኮ ነው።»

«ጨዋታሽን ተይው። እጅሽ እንደለመደው ነው የሄደው።»

የሚስቱ እህት ትራሱን እቅፏ ውስጥ ከተተችው። «ታኮ እናደርግበታለን» አለች በመጨረሻ። «ካርቶን አጥፈን አንዱን ቁልፍ እንደተጫነ እናስቀረዋለን። አለበለዚያ ኮታው አይሞላም።»

«እኔ ስመጣ ታኮው የት ይገባል?»

«ዘበኛው ሰላም ሲልህ እንሰማለና።»

ሚስቱ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ፍሬን አልሳቀም። ያ ሁሉ አክብሮት፣ ያ ሁሉ «ጋሼ፣ ጋሼ» ለካ የማስጠንቀቂያ ደወል ኖሯል!

«ጋሼ፣ በልጆችህ!» ክንዱን ያዘችው። «ከታወቀ የምንባረረው እኛ ነን። ሥራ አስኪያጁ እንደሆኑ ‹ጥፋቱ የሠራተኛዋ ነው› ብለው ይገላገላሉ።»

«ጣትሽ ቢቆረጥስ?»

«እስካሁን ተቆርጧል?»

ምን ይበላት? ቢናገር ሥራዋን፣ ዝም ቢል ጣቷን ሊያሳጣት ነው። ኮታውንስ ያወጣው ማን ሆነና! ክቡርነታቸው ናቸው፤ በሚሽከረከር ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ሁለት እጃቸውን ከነሙሉ ጣታቸው ሆዳቸው ላይ አጣጥፈው።

በማግስቱ ዘበኛው እንደ ወትሮው «እንደምን አደሩ ጋሼ!» ሲል አስተጋባ። «ደህና ነኝ፣ ድምፅህ አይጥፋ» አለውና በቀጥታ ወደ መቁረጫው ሄደ። ሴቶቹ በሁለት እጃቸው እየሠሩ ጠበቁት። የሚስቱን እህት «እስቲ ተነሽልኝ» አላት። ፊቷ አመድ መሰለ። እሱ ግን ቁልፉን አልመረመረም፤ ጃኬቱን አውልቆ ቦታዋ ላይ ተቀመጠና ካርቶን ይቆርጥ ጀመር።

«ጋሼ፣ ካርቶኑ እኮ አይነክስም!» አለች አንዷ። «ከመሸ መብራት እናመጣልሃለን!» አለች ሌላዋ። እስከ ሻይ ሰዓት በሁለት እጁ ሠርቶ፣ ክምሩ እስከዚያ ሊሞላ ከሚገባው ኮታ እሩብ አልደረሰም። የእሱስ ይሁን፣ ለማጅ ነው። ከሴቶቹ ቀልጣፋ የተባለችውን አስቀምጦ እስከ ምሳ አሠራት። እሷም በሁለት እጅ ለዚያ ሰዓት ከሚገባው ግማሹን እንኳ አልሞላችም።

ፍሬን ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳበውና ቀይ ምልክት አንጠለጠለበት፦ «ከፍተኛ»። አዳራሹ ጸጥ ሲል ጸጥታውን የሰሙት ሥራ አስኪያጁ ከቢሯቸው ወረዱ።

«ማነው ያቆመው?»

«እኔ ነኝ።»

«ባለፈው ዝቅተኛ አላልክም?»

«ተሳስቻለሁ። ማሽኑን መረመርኩ እንጂ ኮታውን አልመረመርኩም።»

«ኮታ ስለት አለው እንዴ?»

«አለው ጌታዬ። በሁለት እጅ ከተሠራ አይሞላም። ከሞላ ደግሞ የሆነች ሴት እጅ ስለቱ ሥር ነበር ማለት ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ፊታቸው በራ፤ ጥፋተኛ የሸተተው ሰው ፊት ሁሌም እንዲህ ይበራል። «አሃ! ቁልፉን የሚያበላሹት እነዚህ ናቸው! የቷ ናት? ስሟን ንገረኝ!»

የሚስቱ እህት ሽርጧን ጨበጠች።

«ስም አልጠራም» አለ ፍሬን። «እርስዎ ተቀምጠው ኮታውን በሁለት እጅዎ ይሙሉት። ከሞላ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኔን ያባርሩኝ።»

ሰው ሁሉ እያያቸው እምቢ እንዴት ይበሉ? «ይሄ ምን ያስቸግራል!» ብለው ክራባታቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ተቀመጡ። ማሽኑ ተነሣ። ታክ። ካርቶኑ ተጣመመ። ታክ። ወደቀባቸው። ጥቂት እንደሠሩ ግንባራቸው በላብ ተጠመቀ፤ ክምራቸው ድመት ዘልላ የምታልፈው ነበር።

ያኔ የሚስቱ እህት ወደ ፊት ወጣች። ከሽርጥ ኪሷ የታጠፈ ካርቶን አውጥታ በቀኙ ቁልፍ ላይ ሸጎጠችው። ፍሬን «ተይ!» ሊላት አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ቀደመችው።

«ይኸው ጌታዬ» አለች። «አሁን በግራዎ እየተጫኑ በቀኝዎ ያስገቡ። ኮታዎ የሚሞላው እንዲህ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ካርቶኑን አነሡ። እጃቸው ሄደ፣ ሄደና ስለቱ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀና ብለው ወደ ላይ አዩ። ስለቱ ንጹሕ ነው፣ ያብረቀርቃል። እጃቸውን ቀስ አድርገው መለሱና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ እዚያም ውስጥ ጣቶቻቸውን የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር።

ተነሥተው ክራባታቸውን አስተካከሉ። «እንግዲህ… ኮታው እንደገና እስኪታይ፣ በሁለት እጅ ይሠራ። በደረሰው ልክ።»

«ስሜን ፈልገው ነበር ጌታዬ» አለች የሚስቱ እህት።

«አያስፈልግም» አሉና ደረጃውን ወጡ።

ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ታኮውን ነቅላ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ካርቶን አስገባች፣ እጇን አወጣች፣ ሁለቱን ቁልፎች ተጫነች። ዘገምተኛ ነው፤ አሰልቺም ነው።

«ጋሼ፣ ሌላ ማሽን የለህም እንዴ? ሂድ እንጂ» አለችው ዞር ሳትል።

«አለኝ» አለና እጆቿን እያየ እዚያው ቆመ።