ሣር የበላችው ቀበሮ

ልጅ ሳለሁ ሳቄን መዋጥ የተማርኩት በአጎቴ ግቢ፣ በተረት ሰዓት ነው።

አባቴ ሲሞት የወሰደኝ አጎቴ ከድሬዳዋ የመጣ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ሱቁም ቤቱም እዚሁ ጅቡቲ፣ ካርቲየ አንድ ውስጥ። ያኔ በሰፈራችን መብራት ገና በየቤቱ አልገባም። ከመግሪብ ሰላት በኋላ፣ የቀኑ ሙቀት ከግድግዳው ሳይለቅ፣ የጠፍር አልጋዎቹ ወደ ግቢ ይወጣሉ፣ ፋኖሱ ምስማር ላይ ይሰቀላል፣ ዓሣ የተጠበሰበት ፍም አመድ ለብሶ እያንቀላፋ ጢሱን ወደ ዓይናችን ይሰዳል፤ አጎቴም ትራሱን ተደግፎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እኔ፣ የራሱ ልጅ አብዲና የጎረቤት ልጆች ምንጣፉ ላይ ተጠጋግተን እንቀመጣለን።

ብዙ ተረት ያውቅ ነበር። እኔ ዘንድ የቀረው አንዱ ነው።

አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አንዲት ፍየል ብቻ ነበረችው። አንገቷ ላይ ቃጭል አስሮላት ድምፁን እየተከተለ ይሄዳል። አንድ ቀን አዳኞች ከነውሾቻቸው የሚያሳድዷት ቀበሮ መጣች፤ ፍየሏን በላችና ቃጭሉን በራሷ አንገት አጠለቀች። ሽማግሌው ቃጭሉን ሰምቶ «ፍየሌ፣ መጣሽ?» ሲላት «ሜእ» አለች። ሣር አጭዶ ሰጣት። ቀበሮ ሣር ትበላለች? ግን እጁ ጀርባዋ ላይ ነው፣ ውጭ ደግሞ ውሾቹ አሉ፤ ፊቷን እያጨማደደች አኘከችው። ሲመሽ አቅፏት ይተኛል፤ «ፍየሌ፣ ዘንድሮ ጸጉርሽ ለሰለሰ» ይላታል። በመጨረሻ አዳኞቹ ሲሄዱ ቀበሮዋም ቃጭሉን አውልቃ ጥላ ሄደች፤ ሽማግሌው ቃጭሏን ይዞ ቀረ።

አጎቴ «ጸጉርሽ ለሰለሰ» የሚለው ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ያለቅስ ነበር። እንባው የእውነት ነው፤ በፋኖሱ ብርሃን ጉንጩ ላይ ሲወርድ አይቼዋለሁ። እያለቀሰም ግን እኛን አንድ በአንድ ያየናል።

«ሰውን ማወቅ ከፈለጋችሁ» ይለን ነበር፣ «ተረት ንገሩትና የሚስቅበትን እዩ። ለቀበሮ የሳቀ፣ ልቡም ቀበሮ ነው።»

አብዲ ሣሩ ላይ ሳይስቅ ቀርቶ አያውቅም። ይባስ ብሎ ከንፈሩን አጣሞ እንደ ቀበሮዋ ያኝካል።

«አንተ ቀበሮ! ቤቴ ውስጥ አሳድጌህ!» ይለዋል አባቱ።

«ሜእ!» ይላል አብዲ፣ ኩርኩሙን ለማምለጥ አንገቱን እየቀበረ።

እኔንም ያስቀኝ ነበር። ሆዴን እስኪያመኝ ያስቀኝ ነበር። ግን እኔ የሰው ቤት ልጅ ነኝ፤ አብዲ ቀበሮ ቢባል ልጁ ነው፣ እኔ ቀበሮ ብባል ወዴት እሄዳለሁ? ስለዚህ ሣሩ ላይ ስንደርስ ጉንጬን ከውስጥ ነክሼ አንገቴን እደፋለሁ። «ዩሱፍ ልበ ደግ ነው፤ እዩት» ይላል አጎቴ። እኔም ልበ ደግ ሆኜ አደርኩ። ዝም ማለቴ ከዚያ ጀመረ ብል አልዋሽም።

አንድ ምሽት መስጊዱ በር ላይ የሚውል ዓይነ ስውር ሰው በበትሩ እየዳበሰ እኛ በር ላይ ቆመ። አጎቴ የሚያለቅስበት ቦታ ላይ ደርሶ ነበር።

«ሰላም ዓለይኩም፤ በአጥሩ በኩል ሳልፍ ሰማሁ። እዚሁ ጥግ ላይ ሆኜ ሰምቼ ልጨርሰው?» አለ ሰውየው።

አጎቴ እንባውን በሽርጡ ጫፍ ጠረገና «ግቢው ሞልቷል፤ አላህ ይስጥህ» አለው። ሰውየው ግን ምጽዋት አልጠየቀም ነበር። «አብዲ፣ መንገዱን አሳየው።»

አብዲ ዘሎ ተነሳ። እጁን ይይዘዋል ስንል ከፊቱ ቀደመና «ሜእ! ሜእ!» እያለ ወደ ውጭ መራው። አጎቴ በድንጋጤ አፉን ከፈተ። ሰውየው ለአንድ አፍታ ቆመ፤ ከዚያ ሲናገር ሰማነው፤

«ቀስ በይ ፍየሌ፣ ጉልበቴ ደክሟል።»

ሳቃቸው በቀጭኑ መንገድ እየራቀ ሲሄድ፣ የአብዲ ሳቅና የሽማግሌው ሳቅ፣ ግቢው ውስጥ ሆነን አዳመጥን።

«አያችሁ? አላልኳችሁም?» አለ አጎቴ። እኔ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

አጎቴ ሞተ። አብዲ በመርከብ ሥራ ሄዶ ቀረ። እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ የፈረንጆች ቤት ዘበኛ ሆኜ አረጀሁ፤ የአጎቴን ምክር ግን እንደ ንብረት ይዤው ኖርኩ።

ኮንቴይነር የጫኑ መኪኖች ወደ ዶራሌ ወደብ መጉረፍ የጀመሩ ሰሞን፣ የምጠብቀው ቤት ውስጥ ዘይነባ የምትባል የድሬዳዋ ልጅ ተቀጠረች። ሠላሳ አምስት ቢሆናት ነው። ማዳም ስሟ ከብዷት «ሶፊ» አለቻት። የኻምሲን ነፋስ አሸዋውን ይዞ እንደ ምድጃ ሲነፍስ፣ የራሷን ምሳ ሳትቀምስ ቀዝቃዛ ውሃ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በሩ ድረስ ታመጣልኝ ነበር። ያኔ ሃምሳዎቹን አጋምሻለሁ፤ ሚስትም ልጅም የለኝም። ከጅቡቲው ምኒልክ አደባባይ አንድ የሐር ሻሽ ገዛሁ። ልነግራት ቆረጥኩ። ከዚያ በፊት ግን፣ አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ተረቱን ነገርኳት። ልፈትናት ነው።

«ወይኔ ጋሼ! ሣሩን በላችው?» አለች።

«በላችው።»

ሳቀች። ግንቡን ተደግፋ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እሰይ! እሷን ነው የምወዳት!»

«ፍየሏን የበላችውን?»

«እሱስ ጥፋት ነው። ግን ጋሼ፣ ሣር እያኘኩ ሜእ ማለት ቀላል ይመስልዎታል? እኔስ የሰው ስም አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ቀኑን ሙሉ ‹ዊ ማዳም፣ ዊ ማዳም› ስል አይደል የምውለው!»

የተናገረችውን ጆሮዬ ሰምቷል፤ ልቤ ግን የሰማው ሳቋን ብቻ ነበር። ለቀበሮ ሳቀች። ሻሹን ሳጥኔ ውስጥ መልሼ ከተትኩት። ውሃ ስታመጣም «አልጠማኝም» ማለት ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ምን አስቀየምኩዎት?»

«ምንም።»

ከወራት በኋላ ፈረንጆቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ እሷም ወደ ድሬዳዋ ልትሄድ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ለመሳቅ ሞከረች። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ሜእ ይበሉኝና ልሂድ» አለች።

ጉንጬን ከውስጥ ነከስኩት፤ እንደ ልጅነቴ። «በሰላም ግቢ» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ረመዳን አልፏል። አሁን ተመልሼ ካርቲየ አንድ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ አስተማሪው ነው። አጎቴን ክፉ ሰው ነበር አልልም። የተረቱን ሽማግሌ ከልቡ ይወደው ነበር፤ የተረቱ ሽማግሌ ምንጣፍ ላይ ቦታ አይጠይቅም። አብዲም ለምን እንደሚስቅ ማንም ጠይቆት አያውቅም። እኔም ብሆን በአጎቴ ቤት ልበ ደግ የሚል ቃጭል አንገቴ ላይ አስሬ ስንት ዓመት ሣር እንዳኘክሁ የገባኝ፣ ይህን ሁሉ የምነግራት ሰው ከሄደች በኋላ ነው።

ዓይኔን ሞራ እየጋረደው ነው። ሻሹ ቀለሙ ምን እንደነበር አሁን አይለይልኝም፤ በእጄ ስዳስሰው ለስላሳ ነው። ሲመሽ በሩ ላይ ተቀምጬ ተረቱን ለራሴ እነግረዋለሁ፤ ሣሩ ላይ ስደርስ እስቃለሁ፣ ድምፅ አውጥቼ። የት ላይ እንደሳቅሁ የሚያይ የለም።