በኦስቲያ የተቀዳው የካቡል ድምፅ

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ ልጄ ከስልኳ አንድ ዜና አነበበችልኝ። በአፍጋኒስታን በአንዳንድ አውራጃዎች የሴት ድምፅ በሬዲዮ እንዳይሰማ ተከልክሏል ይላል። ሹካዬን አስቀምጬ ተነሣሁ። መስኮቱን ከፈትኩት፤ መልሼ ዘጋሁት። «ማማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ስለ ፋርዛና ነግሬያት አላውቅም ነበር።

ያኔ ገና ወጣት ነበርኩ። ሮም ውስጥ ቶር ፒኛታራ በሚባል ሰፈር ከአገሬ ሰው ከእትዬ አስካለ ጋር ስኖር፣ ሦስተኛዋን ክፍል የተከራየችው ፋርዛና የምትባል የካቡል ሴት ነበረች። እዚህ በደመወዝ አሮጊት ትንከባከባለች፤ አገሯ ሳለች ግን የሬዲዮ ዜና አንባቢ ነበረች። መግባቢያችን የተሰባበረ ጣሊያንኛ ነው። በዕረፍት ቀኗ ድንችና ባሮ ሽንኩርት ያለበት ቂጣ በዘይት ትጠብስና፣ ሦስታችንም ቆመን ጣታችን እየተቃጠለ እንሻማ ነበር።

በዚያ ሰሞን አገሯ ላይ እሷን ያሰደደው የታጣቂዎች መንግሥት ወደቀ። ጋዜጣው፣ መጽሔቱ፣ ሬዲዮው ዝናብ እንዳገኘ እንጉዳይ ፈላ። ፋርዛና መቀመጫ አጣች። ለገበያ ወጥታ ስልክ ቤት ትቀራለች፤ ሻይ ትቀዳና ሳትጠጣው ይቀዘቅዛል። አንድ ጧት ወጥ ቤት መጥታ፣ «አዲስ የሴቶች ሬዲዮ ሊከፈት ነው። ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪ አሉኝ» አለች።

«ከወደዱትስ?»

«እሄዳለኋ!»

«ፔርሜሶሽስ? ስደተኛ ነኝ ብለሽ ያገኘሽውን የመኖሪያ ፈቃድ ይዘሽ እዚያው ከገባሽ፣ መመለሻ የለሽም እኮ!»

እትዬ አስካለ የምንጨቃጨቅበትን ጠይቀውኝ ሲረዱ፣ «ምነው ልጄ፣ ድምፅ እንጀራ ይሆናል እንዴ?» አሉ። ተረጎምኩላት። ፈገግ አለች።

እቤት መቅዳት አልሆነም። ትሬኒኖው፣ የሰፈሩ ትንሿ ባቡር፣ በመስኮታችን ሥር እየተንገጫገጨ ያልፋል፤ ከላይ ሕፃን ያለቅሳል። አሎራ፣ እንግዲህ፣ በጋውን ስሠራበት የነበረውን የኦስቲያ ባሕር ዳርቻ መዝናኛ ባለቤት ለምኜ፣ አንዷን የልብስ መቀየሪያ ጎጆ አስከፈትኩ። እንዳትሄድ እየፈለግሁ ለምን እንደረዳኋት እስካሁን አይገባኝም።

ኅዳር ነበር። ባቡሩ ባዶ፣ አሸዋው እርጥብ፣ ጃንጥላዎቹ ተጠቅልለው ታስረዋል። ጎጆዋ ጨውና የፀሐይ ቅባት ትሸታለች። የባሕሩ ድምፅ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ሰቀልንና የካሴት መቅጃውን ጭኔ ላይ አድርጌ ከፈትኩት። ፋርዛና አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ደግማ ሞከረች፤ ሳል ያዛት።

«ታጣቂዎቹ ከተማ የገቡ ቀን» አለችኝ ጉሮሮዋን ይዛ፣ «ዜና እያነበብኩ ሳለ አለቃዬ በሩን ከፍቶ ውጪ አለኝ። ሳልጨርሰው ወጣሁ።»

«እንግዲያው አሁን ጨርሺዋ» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ቀና ብላ ተቀመጠች። ከዚያ የመጣው ድምፅ፣ እቤት ከማውቃት ሴት ወጣ ለማለት ይከብዳል። ረጋ ያለ፣ የሚያዝዝ፣ ባለቤት ያለው ድምፅ። ከቋንቋዋ ከዳሪው አንድ ቃል አልገባኝም። እንደምትሄድ ግን ገባኝ።

ካሴቱን ላከች፤ ካቡል ያሉት የሬዲዮው ሰዎችም ወደዱት። ቲቡርቲና ጣቢያ የአውሮፕላን ማረፊያውን ባቡር ስትጠብቅ እንኳ «አሁንም አልረፈደም» እያልኩ እወተውታት ነበር። «ቀርቼ ከሚቆጨኝ ሄጄ ይቁጨኝ» ብላ ግንባሬን ስማኝ ተሳፈረች።

ለዓመታት አነበበች። ወጣት ሴቶችን አሠለጠነች፤ መጽሔትም አቋቁማ አንድ እትም ላከችልኝ። ከዚያ ታጣቂዎቹ ሥልጣኑን መልሰው ያዙና ሬዲዮው ተዘጋ። ወራት ሙሉ ወሬዋ ጠፋ። በመጨረሻ ከጀርመን ደወለችልኝ። አሁን ከአንዲት ጠባብ ክፍል በኢንተርኔት ወደ አገሯ ዜና ታነባለች። «ያሠለጠንኳቸው ልጆች ሁሉ እቤት ተቀምጠዋል» አለችኝ።

ልጄ ሁሉንም ሰምታ ስታበቃ፣ «ታዲያ መመለሷ ስሕተት ነበር?» አለችኝ። እኔ ራሴ ስንቴ ጠይቄዋለሁ! አንዳንድ ቀን አዎ እላለሁ። ሌላ ቀን እነዚያ ሴቶች ድምፃቸውን አንዴ በአየር ላይ ሰምተውታልና ማንም አያስረሳቸውም እላለሁ። በሁለቱም አላርፍም።

«አላውቅም፣ ልጄ» አልኳት። «እኔ የማውቀው ስታነብ መስማቴን ነው።»